ፍሬን

ሌሊት ሌሊት የባሌ ቀኝ እጅ
ከብርድ ልብሱ ሥር ብቻውን ይነቃል፤
ቦጉሚው ተኝቷል፣
እጁ ግን አይተኛም፣ ሥራውን ያውቃል።
ጣቶቹ ጨበጡ የሌለ እጀታ፣
ጎተተ፣ ጎተተ፣ ትከሻው እስኪዝል፣ ሳይሰጠው ፋታ።
እኔ አልቀሰቅሰውም። አንድ ጊዜ ቀስቅሼው
በማያውቀኝ ዓይን አየኝ።
አሁን መዳፌን አንጓው ላይ አሳርፌ
እስኪቆም እጠብቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ኅዳር ነበር፣ ጉም ነበር፣
ከቢያዊስቶክ ይመጣል የንጋቱ ባቡር።
ከጥዱ ጫካ ማዶ፣ ሐዲድና አስፋልት በሚተላለፉበት፣
ቆሞ አገኘው አንድ የወተት መኪና፣ ሞተር የጠፋበት።
ፍሬን ያዘ። ወዲያው ያዘ። ሳይሳሳት ያዘ።
አራት መቶ ቶን ብረት፣ ቁም ቢሉት መች ታዘዘ!
ለመቆም ዘጠኝ መቶ ሜትር ይፈልግ ነበር፤
የነበረው ሁለት መቶ ነው።
ቀሪዋን ሰባት መቶ
ባሌ እስከ ዛሬ እየሄዳት ነው።

መርማሪዎች ጻፉ፤ «ጥፋት አልተገኘበትም»።
ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ መሳቢያ ውስጥ አለ።
ለእጁ ግን ማን ያንብብለት?
ትከሻ ፊደል አልቆጠረም፣
ጨጓራ ማኅተም አይለይም።

ሰው የሚያስታውስ ይመስለኝ ነበር በጭንቅላቱ፤
የኔ ሰው ግን በላቡ፣ በጀርባው፣ በጉልበቱ።
ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ይገረጣል ፊቱ፣
እኔ መኪና ስነዳ ወለሉን ይረግጣል፣
የወተት ጠርሙስ ሲያይ ከገበታ ይነሳል።
«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አልኳት ለሐኪሟ።
ዶክተር ኦቲሊያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤
«ልጡ ልጥ መሆኑን እሱማ ያውቃል።
የማታውቀው ከራስ ቅሉ ሥር ያለች፣
ለውዝ የምታህል ዘበኛ ናት።
የቀን መቁጠሪያ አልሰጧትም፤
ኅዳርን ከሐምሌ፣ ያኔን ከአሁን አትለይም።
አትውቀሻት። አንድ ጊዜ ተኝታ ተደርሶባታል፣
ዳግም ላትተኛ ምላለች።»

በፊት በቼሪ ቮድካ አስተኛት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፤
ዘበኛዋ ስትተኛ ሌባው ገባ፣
ደሞዝ፣ ወዳጅ፣ ሳቅ፣ ሄዱ ተጠቃለሉ።
ከዚያ ሰዓት መጠገን ጀመረ። የጎረቤቱ ሰዓት ሁሉ
ኩሽናችን ውስጥ ይቆጥራል፤
አንዱም ከሌላው አይስማማም።
አሁን ደግሞ ባዶ እግሩን ንጣፉ ላይ ቆሞ
ትንፋሹን ሲያስወጣ ያስረዝማል፤
«ይህ ወለል ነው፣ ይህ ብርድ ነው፣ ሐሙስ ነው» ይላል።
አንዳንዴ ይሠራል።
አንዳንዴ ሐሙስም አይረዳውም።

ባለፈው ወር በራችን ተንኳኳ።
የልጁ እናት ናት፣ ብሮኒስዋቫ፤ ሻርፗ በረዶ ለብሷል።
ተያዩ፣ ከደጃፉ ወዲያና ወዲህ፣ ቃል ጠፍቶ ለአንድ አፍታ፣
እሱ ፍሬን ይዞ፣ እሷ ፍሬን አጥታ።
«መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ» አለችው፤
«ምን ይመስል ነበር?»
ዘጠኝ ዓመት «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው፣
ለእኔም፣ ለሐኪሟም፣ ለቄሱም ያልተናገረው፣
«እጁን አነሳልኝ» አለ። «እንደ ሰላምታ።»
ሴትዮዋ ተቀመጠች። ያለ ቃል፣ እስከ ማታ።
ሻዩ በረደ። ሰዓቶቹ በየፊናቸው መቱ።

ያን ሌሊትም እጁ ነቃ። ዋሽቼ ምን ላድርግ።
ጎተተ፤
ግን መሃል ላይ ቆም አለ፣ ጣቶቹ ተፈቱ፣
መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ቀረ፣
ሰላምታ እንደሚመልስ።
እኔ ነቅቼ ቆጠርኩ፤
ስድስት መቶ ሜትር ቢቀረው ነው።